የሐሊማ የካቲት

ሥራዬ ሰው መቼ እንደ ተወለደ ማወቅ ነበር። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «እሱም ሥራ ሆኖ!» ይለኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ደመወዝ በልቼበታለሁ፤ ደመወዙ የሚወራለት ባይሆንም። ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ በቦታዬ የተመደበችው ባለሙያ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር ጻፈች፤ አንድ ቁልፍ ነካች፤ ቀኑ በፈረንጆቹ ተቆጥሮ ወጣ። «ይኸው ነው፣ እትዬ ወይንሸት፤ አለቀ» አለችኝ። እኔ ያቺን ቁልፍ ትክ ብዬ ሳያት «ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» ብላ ደነገጠች። አልተበላሸም። ያናደደኝ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ሐሊማ የምትባል ልጅ ከእኔ እጅ ትድን ነበር።

ሥራውን የጀመርኩት ሲሬ፣ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ነው። ልጆች ለአንደኛ ክፍል ሲመዘገቡ የልደት ቀናቸውን እጽፋለሁ። አለቃዬ ለጣጣ ጊዜ የሌላቸው ሰው ነበሩና ቀኑ ያልታወቀ ልጅ ሁሉ መስከረም አንድ ቀን እንደ ተወለደ ይጻፍ አሉ። ታዘዝኩ። መዝገቡን ላገላበጠ ሰው የሲሬ እናቶች በሙሉ በእንቁጣጣሽ ዕለት ተስማምተው ያማጡ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ኦጎልቾ ተዛወርኩ። የኦጎልቾው አለቃዬ ደግሞ መዝገብ የሚባል ነገር አያምኑም፤ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ ካልነካ ለከርሞ ይምጣ። ክንደ ረጅም ሁሉ ተማሪ ሆነ። እኔም ልጅ ነበርኩና ሥራው ይኸው መሰለኝ። ጻፊ ያሉኝን እጽፋለሁ፤ እውነት ይሁን አይሁን የኔ ጉዳይ አልነበረም።

አሰላ ስመጣ ግን ጋሽ ከድር እጅ ወደቅኩ። የተመደብኩት ከየወረዳው የተመረጡ ወጣት ሯጮች በሚሠለጥኑበት ካምፕ ውስጥ ነው። ጋሽ ከድር የማስረጃ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ ክፍሉ ማለት እሳቸው፣ እኔ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር። እዚያ ዕድሜ ቀልድ አልነበረም። ልጆቹ የሚዘጋጁት ለዓለም አቀፉ የወጣቶች ውድድር ነው፤ ውድድሩ በሚካሄድበት የፈረንጆች ዓመት ውስጥ ሃያ የሚሞላው ልጅ ደግሞ ከወጣቶቹ ጋር አይሰለፍም። በወረቀት ላይ የምትጻፍ አንዲት ዓመት አንዱን ልጅ አውሮፕላን ታሳፍረዋለች፣ ሌላውን ወደ መንደሩ ትመልሰዋለች።

ጋሽ ከድር ተወልደው ያደጉት እዚሁ አሰላ ነው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም አፋቸው ላይ እኩል ነው። የሯጭ እናት ስትመጣ ከጠረጴዛው ኋላ አይቀመጡም። ተነሥተው አግዳሚው ላይ አጠገቧ ይቀመጣሉ። አሠልጣኙን «አንተ ሂድና ሜዳህን ጠብቅ» ብለው ያስወጡታል፤ ልጅቱንም እንዲሁ። ከዚያ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ገብሱ ጨዋታ ይጀምራሉ። «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» ብለው ሲጠይቁ አንድ ቀን ሰምቻቸው አላውቅም። «እንዲህ ብለሽ ከጠየቅሻት አንቺ ልትሰሚው የምትፈልጊውን ነው የምትነግርሽ» ይሉኝ ነበር። እሳቸው የሚጠይቁት ሌላ ነው። «ምጥ ሲይዝሽ የመጣችው አዋላጅ እግሯ ላይ ጭቃ ነበር ወይስ አቧራ?» ይላሉ። ያን ቀን የረሳች እናት አላየሁም።

«ቤት ውስጥ እሸት ነበር? በሬዎቹስ የት ነበሩ? ጾም ነበርሽ?» እያሉ ይቀጥላሉ። ክርስቲያን እናት «በሚካኤል ማግስት ነው» ካለች ቀኑ ተገኘ። ሙስሊም እናት ረመዳንን ከጠራች ደግሞ የጋሽ ከድር ፊት ይበራል። ረመዳን በየዓመቱ አሥር፣ አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ እየሸሸ ወቅቱን ሁሉ ይዞራል፤ አዝመራ ግን ቦታውን አይለቅም። ስለዚህ እናትየዋ «በረመዳን ነው፣ ገብስ እያጨድን» ካለች ሁለቱ የተገናኙበት ዓመት የትኛው እንደ ሆነ በጣታቸው ቆጥረው ያወጡታል። ከዚያ የታላቅ ወንድሟን የትምህርት ቤት መዝገብ አስመጥተው ያመሳክራሉ። ሁለቱ አልገጥም ካሉ እናትየዋን ሳይሆን መጀመሪያ ራሳቸውን ነው የሚጠራጠሩት። እኔ ከሲሬና ከኦጎልቾ ለመጣሁት ይህ ሁሉ ተአምር ነበር፤ ሰውየውን በእውነት ወደድኳቸው።

«አንድ ዓመት ብቻ ቀንሱልኝ» የሚል አሠልጣኝ አይጠፋም። ጋሽ ከድር አይቆጡም፣ አይመክሩም። እርሳሳቸውን ያወጡና በምላጭ መቅረጽ ይጀምራሉ። ሰውየው እየለመነ እሳቸው ይቀርጻሉ። አንዱ አሠልጣኝ ሙሉ እርሳስ አስጨርሷቸው ነው ተስፋ ቆርጦ የወጣው። እኔ ሣቄን ለመደበቅ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ።

የመጨረሻው ሥራ ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ መለወጥ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያ ግድም ለተወለደ ሰባት ዓመት ይደመራል። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ለተወለደ ደግሞ ስምንት። ለእኛ አገር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጋሽ ከድር ግን ሁልጊዜ ጮክ ብለው ነው የሚደምሩት። «ከሁሉ በፊት የዛሬን ወር እርሺው» ይሉኛል። «አንቺ ያለሽበትን ወር ትተሽ ልጁ የተወለደበት ወር ውስጥ ግቢ። እዚያ ቆመሽ ቁጠሪ።» አክብሬ አዳምጣቸውና በልቤ እስቅባቸዋለሁ። ሰባትና ስምንትን መለየት ይህን ያህል ምን ያስጮኻል?

ሐሊማ የመጣችው ከሮቤ ወዲያ ካለች መንደር ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አንዴ እንቢ ካለች የማትመለስ ልጅ ነበረች። ስትሮጥ ትከሻዋ አይነቃነቅም፤ እግሯ ብቻውን ሌላ ሰው የተሸከመ ይመስላል። አሠልጣኟ ደረጀ ወሬኛ ሰው ሆኖ ሳለ እሷ ስትሮጥ አፉን ይዘጋ ነበር። እናቷን አደ ሩቂያን፣ በአማርኛ ወይዘሮ ሩቂያን፣ የጠየቅኋት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ከድር «ዛሬ አንቺ» ብለው ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«አዋላጇ ጭቃ ይዛ ገባች» አለች አደ ሩቂያ በኦሮምኛ። «የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ያን ዕለት ጣለ። ባሌ በሬዎቹን ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ሰው ልኬ ነው ያስጠራሁት።»

«አረፋስ አልፎ ነበር?»

«ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ያረድነው በግ ቆዳ ገና አልደረቀም።»

የካቲት። ዓመቱንም በወንድሟ መዝገብ አረጋገጥኩ፤ አንዲት ቀዳዳ አልነበረችውም። ጋሽ ከድር ደብተራቸው ላይ በእርሳስ ጻፉትና «ማሻአላህ፣ ከእንግዲህ እኔ ባልኖርም ችግር የለም» አሉኝ። በዚህ ቃል ስንት ሳምንት እንደ ኮራሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ኩራቱ ነው ያጠፋኝ። በዓመቱ፣ በጥቅምት ወር፣ የአሥራ አራት ልጆች ቅጽ ባስቸኳይ ተሞልቶ አዲስ አበባ ይላክ ተባለ፤ ፓስፖርት የሚወጣው በዚያ ቅጽ ነው። ጋሽ ከድር ለለቅሶ ኦጎልቾ ይሄዱ ነበር። «ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ፤ ጠብቂኝ፣ አብረን እንደምራለን» ብለውኝ ወጡ። አልጠበቅኩም። ሲመለሱ አልቆ እንዲያዩት ፈለግኩ። ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ጥቅምት ይላል፤ በጥቅምት ደግሞ በእኛና በፈረንጆቹ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ነው። እኔም ጥቅምት ውስጥ እንደ ተቀመጥኩ፣ ማን መቼ ተወለደ ሳልል፣ ለአሥራ አራቱም ሰባት ሰባት እየደመርኩ ጨረስኩ። ሻይ አዘዝኩና ጠጣሁ። ጋሽ ከድር ሲመለሱ ቅጹ ሄዷል፤ «ሁሉንም ጮክ ብለሽ ደመርሽ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኳቸው። ይህችን «አዎ» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ከአሥራ አራቱ አምስቱ ከጥር ወዲህ የተወለዱ ነበሩ። አራቱ ገና ትንንሾች ስለ ነበሩ አንድ ዓመት ቢጨመርባቸውም የቀረባቸው ነገር የለም፤ ኋላ ተስተካከለላቸው። አምስተኛዋ ሐሊማ ናት።

ጥር ላይ ማጣሪያው ተደረገ፤ ሐሊማ ሁለተኛ ወጣች። ለዓለም አቀፉ ውድድር የሚሄዱት ስድስት ልጆች ስማቸው ሲመጣ ግን የእሷ የለም። ጠዋት ከልምምድ በኋላ ላቧ ሳይደርቅ ቢሮአችን መጣች። ጋሽ ከድርም ነበሩ።

«እትዬ፣ በዚህ ዓመት ሃያ ይሞላሻል አሉኝ» አለች ቆማ። «እማዬ ግን አሥራ ዘጠኝ ነው የምትለኝ። ማን ነው የተሳሳተው?»

ፋይሏን አወጣሁ። በአማርኛው በኩል የካቲት ይላል። በፈረንጁ በኩል ያለውን ዓመት በጣቴ ደግሜ ቆጠርኩት። ጋሽ ከድር ከጎኔ መጥተው አንዴ አዩት። እኔ እንድናገር ነበር የሚጠብቁት።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ስምንት መደመር ሲገባኝ ሰባት ደመርኩ።»

ሐሊማ ጣቶቿን እያየች ቆጠረች። ልክ እንደሆነ ሲገባት «እና አሁን ይስተካከላል?» አለችኝ። ያን ጊዜ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከጋሽ ከድር ጋር አዲስ አበባ ሄድን። ጉዳዩን የሚያዩት ሰው ትሑት ናቸው፤ አስቀምጠው አዳመጡን። «እናቴ» አሉኝ፣ «እዚህ ቢሮ ዕድሜዬን ጨምሩልኝ ብሎ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ሁሉም ተሳስተን ነው፣ ቀንሱልን ነው የሚለው።» ጋሽ ከድር የእርሳስ ደብተራቸውን ከፍተው ጭቃውን፣ በሬዎቹን፣ አረፋውን አሳዩአቸው።

«ይህን ትናንት ጽፈውት ቢሆንስ?» አሉ ሰውየው።

ጋሽ ከድር ደብተሩን ዘጉ። «እውነትዎን ነው» አሉ። «በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።» ዕድሜያቸውን ሙሉ አንዲት ዓመት ያልቀነሱ ሰው በእኔ ጥፋት ከቀናሾቹ ጋር ተሰልፈው ቆሙ። ሰውየው ማመልከቻውን ተቀበሉን፤ በሥርዓቱ ይጣራል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል አሉ። ስም ዝርዝሩ የሚዘጋው በዚያው ሳምንት ነበር።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። ጋሽ ከድር አላባበሉኝም። የጭላሎ ተራራ ከሩቅ ሲታይ «ነገ ሮቤ እንሄዳለን» አሉኝ። «ለአደ ሩቂያ በራስሽ አፍ ትነግሪያታለሽ። እኔ አላስተረጉምልሽም።»

በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ነገርኳት። አደ ሩቂያ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «ስትጽፊ የምታስቢው እኔን ነበር ወይስ ወረቀቱን?» አለችኝ።

«ወረቀቱን» አልኳት።

«ቶሌ» አለች። እሺ ማለቷ ነው። ምሕረት ይሁን ቁጣ ለመለየት አልቻልኩም። ልንወጣ ስንነሣ ግን ቆጣ ብላ መለሰችን፤ «ብናደድም ሰው ቤቴ መጥቶ ሳይበላ አይሄድም» ብላ ገንፎ አቀረበችልን። እኔ ከሁለት ጉርሻ አላለፍኩም፤ ጋሽ ከድር ግን ጥርግ አድርገው በሉና መረቋት።

ውድድሩ የተደረገው ቅዝቃዜው ለጉድ በሆነ የፈረንጅ አገር ነው። እኛ ካምፑ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን በቴሌቪዥን አየነው። በዚያው ሰሞን በዚያው ከተማ ዓለም አቀፍ የወጣቶች የበረዶ ሆኪ ውድድርም ነበርና፣ የእኛዎቹ እስኪወጡ እሱን ያሳዩን ጀመር። የየአገሩ ልጆች ቆብ አጥልቀው፣ ዱላ ይዘው በመስታወት በመሰለ በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። «ኧረ ገና ጨዋታ ነው! በረዶ ላይ ገና ይጫወታሉ!» ብሎ አንዱ ሲጮህ አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ሐሊማም ሣቀች። ሁሉም የኛ ልጆች እኩያ ናቸው፤ የእነሱን የልደት ቀን የጻፈላቸው ሰው ሰባት ይሁን ስምንት ብሎ እንደማይጨነቅ ሳስብ ቀናሁ።

በሐሊማ ቦታ የሄደችው የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ትዕግሥት ነበረች። ጫማዋ ያለቀ ስለ ነበር ሐሊማ የራሷን ባለ ምስማር የመሮጫ ጫማ ሰጥታታለች። ይህን ያወቅነው ሩጫው ተጀምሮ ካሜራው እግሮቹን ሲያሳይ «ያ ጫማ ያንቺ አይደል?» ብለው ሲጠይቋት ነው። «የኔ ነው፤ እያት፣ አልጠበባትም» አለች። ትዕግሥት ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ስትቀር ሐሊማ ተነሥታ ቆመች፤ «ትከሻሽን ተይው! ትከሻሽን!» እያለች ከአሰላ ጮኸች። ቡድናችን ሜዳልያ ውስጥ ሲገባ ቀድማ ያጨበጨበች እሷ ናት። እንዲህ ያለ ልብ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ እኔ በእሷ ዕድሜ እንኳን ጫማ፣ የጫማ ማሰሪያም አልሰጥም ነበር።

ጋሽ ከድር በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጡረታ ወጡ። ማመልከቻችን ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ከርሞ በዓመቱ፣ በየካቲት ወር፣ መልሱ መጣ፤ ስህተት መሆኑ ታምኖበታል፣ ትክክለኛው ቀን በማስረጃ ክፍሉ ተሞልቶና በባለጉዳይዋ ተፈርሞ ይላክ። የቀኑ ቦታ ባዶ ነበር። ማስረጃ ክፍሉ ማለት አሁን እኔ ብቻ ነኝ።

አሠልጣኝ ደረጀ ወረቀቱን ሲያይ በሩን ዘጋ። የዚያ ዓመቱ የወጣቶች ውድድር ስም ዝርዝር ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶታል። ሐሊማ በዚያው ወር ሃያ ሞልቷታል፤ በእውነተኛው ቀኗም ቢሆን ጊዜዋ አልፏል።

«እትዬ ወይንሸት» አለኝ፣ «አንድ ዓመት ወስደውባታል። አንድ ዓመት ይመልሱላት። ስምንት ሳይሆን ዘጠኝ ይደምሩ። ማን ያያል? ይህ ቅነሳ አይደለም፤ ዕዳዎን መክፈል ነው።»

እንደ ሌሎቹ ለራሱ ስም ብሎ አልነበረም የለመነኝ፤ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ልክ መሰለኝ። ሳልዋሽ ላውራው፦ ልክ ብቻ አይደለም፣ ፍትሕ መሰለኝ። ዓመት ሙሉ ያቺን ልጅ ባየሁ ቁጥር መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ እል ነበር። አሁን በአንዲት ቁጥር ልገላገል ነው። እስክሪብቶውን ከፈትኩ፤ ወሩንና ቀኑን ጻፍኩ። ዓመቱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሳልነግራት አልጽፍም ብዬ ደረጀን ጥራት አልኩት።

ሐሊማ መጣች። እንዳለ ነገርኳት፤ ደረጀ ያለውንም፣ እኔ ልጽፍ እንደ ነበረም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ስም ዝርዝሩ ስድስት ሰው ነው አይደል?» አለች።

«ስድስት ነው» አለ ደረጀ።

«ስድስተኛዋ ማን ናት?»

ደረጀ «ያቺ የሲሬዋ፤ ዘንድሮ የመጣችው» አለ። «ገና ልጅ ናት፤ ለከርሞም ይደርስላታል።»

«እኔንም ያን ጊዜ ለከርሞ ብለውኝ ነበር» አለች ሐሊማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እናቴ የነገረችዎትን ይጻፉልኝ። እርስዎ ያን ጊዜ ተሳስተው ነው። ዛሬ ከጻፉት ግን ስህተት አይባልም፤ እኔም እፈርምበታለሁ ማለት ነው። እንቢ።»

እውነተኛውን ዓመት ጻፍኩ። ወረቀቱን ተቀብላ ቀኑን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ፈረመችበት። ስፈራው የኖርኩትን ቅሬታ ፊቷ ላይ ፈልጌ አጣሁ። እንዲህ ያለች ልጅ ናት ያስቀረኋት! ከማፈሬ ብዛት «ይቅር በይኝ» እንኳ ማለት አቃተኝ፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ።

ከቢሮው ስትወጣ ለትልልቆቹ ሴቶች ልምምድ ስም የሚመዘግበው ሌላው አሠልጣኝ ኮሪደሩ ላይ ልጆቹን አሰልፎ ነበር። ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። በሩ ክፍት ስለ ነበር ተራዋ ሲደርስ ሰማሁ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አላት።

«ሃያ!» አለች ሐሊማ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እየሰማ።